ቀኛዝማች እስከ ሞያሌ

ከሐዋሳ የተነሡት ስድስት ሞተረኞች ያቤሎ አድረው ሞያሌ ሲገቡ ቀኑ ተጋምሷል። የየካቲት ፀሐይ ነው፤ ጥላ ፍለጋ ፍየሉም ሰውም አንድ ግድግዳ ሥር ይጠጋል። እኔ የምኖረው በኬንያዋ ሞያሌ ስለሆነ ከድንበሩ ወዲህ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ከዚህ ጀምሮ ሰባተኛ ሆኜ እስከ ናይሮቢ አብሬ ልነዳ ቃል ገብቻለሁ። የድንበሩን ወረቀት ጨርሰው ብቅ ሲሉ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳላደርስ፣ ከማለዳው ጀምሮ ስለማመደው የዋልኩትን ንግግር አሰማኋቸው፦

«እስካሁን ሁላችሁም ቀኛዝማች ነበራችሁ። ከዚህ በኋላ ግራዝማች ናችሁ።»

ሳቁ። እኔም ስቄአለሁ። ነገር ግን ይህ ጉዞ ያስተማረኝ ነገር ሁሉ የሚሽከረከረው በዚችው ቀልድ ዙሪያ ነው።

ኢትዮጵያ በቀኝ ትነዳለች፣ ኬንያ በግራ። ለመኪና አሽከርካሪ ይህ ራሱን የቻለ ፈተና ነው፤ ለሞተረኛ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ መኪና መሪው የተቀመጠበት ጎን ያስታውስሃል፣ ሞተር ግን መሪው መሐል ላይ ነውና የትኛው አገር ውስጥ እንዳለህ አይነግርህም። በቡድን ስትነዳ ደግሞ ሰልፉ ራሱ ይገለበጣል። በቡድን የሚነዱ ሰዎች ጎን ለጎን አይሄዱም፣ በአንድ መስመርም አይደረደሩም፤ ዚግዛግ ነው የሚሠሩት። ከፊት የሚመራው ሰው ወደ መንገዱ መሐል የቀረበውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ወደ ጠርዙ ይላል፣ ሦስተኛው ተመልሶ ወደ መሐል። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ ፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ያገኛል፣ ፍሬን ቢያዝ መሸሻ አለው። ሞያሌ ላይ ግን ያ «መሐል» የሚባለው ነገር ከግራ እጅህ ተነሥቶ ቀኝ እጅህ ላይ ይቀመጣል። አደባባይ ላይም እንዲሁ፤ ወዲያ ማዶ ከግራ ለሚመጣው ትለቃለህ፣ ወዲህ ማዶ ከቀኝ ለሚመጣው።

ለዚህ ሁሉ ስም ስናወጣለት የደረስንበት ቃል አያቶቻችን ትተውልን የሄዱት ነው። ሠራዊት ሲሰለፍ ከፊት ፊታውራሪ፣ በቀኝ ቀኛዝማች፣ በግራ ግራዝማች፣ ከኋላ ደግሞ ደጀን። ሰባት ሞተር ለመንዳት ከዚህ የተሻለ ቋንቋ አላገኘንም። ፊታውራሪነቱን ለአንድ የሐዋሳ መካኒክ ሰጠነው፤ ከሁላችን በላይ ሞተር ያውቃል፣ ካንዴላውን በድምፁ ብቻ የሚመረምር ሰው ነው። ደጀንነቱ ለእኔ ደረሰ። ምክንያቱን በጨዋ አማርኛ «ጋሼ መንገዱን ስለሚያውቁት» አሉኝ። እውነተኛው ምክንያት የእኔ ሞተር፣ ቦክሰሯ፣ ከሁሉም ደካማ መሆኗ ነበር።

እንግዲህ የቀኙን ነገር እንደ ዘላለማዊ ሕግ እናወራለን እንጂ፣ ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው። በዚያ ዓመት ነው ወደ ቀኝ የዞረችው። ኬንያ በእንግሊዝ አገዛዝ የለመደችውን ይዛ ቀረች። ከ1956 በፊት በዚህ ድንበር ያለፈ ሰው መስመሩን ሳይቀይር ይሻገር ነበር ማለት ነው፤ የሚያስቸግረው ሌላው ነገር ሁሉ ነበር።

ሌላው ነገር ሁሉ ስል መንገዱን ማለቴ ነው። ቴድ ሳይመን የተባለው እንግሊዛዊ በ1973 እ.ኤ.አ. ከለንደን ተነሥቶ በትራያምፍ ሞተር ዓለምን አራት ዓመት ሲዞር፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ያለፈው ብቻውን ነበር። የሰሜን ኬንያ መንገድ ያኔ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ሰውነትን የሚያንቀጠቅጥ ሸንተረር የሠራ አሸዋ ነበር። ከዚያም በኋላ ለአሠርት ዓመታት አልተለወጠም። የሞያሌ ሽማግሌዎች ከብት በጫነ መኪና ጣሪያ ላይ ብረቱን ጨብጠው ናይሮቢ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅባቸው እንደነበር ያወራሉ፤ ከሥር በሬ፣ ከላይ ሰው። መኪኖች በታጣቂ ታጅበው፣ ተጠባብቀው በአንድነት ነበር የሚጓዙት። የሚፈሩትን ሰው ኬንያውያን የሚጠሩት «ሺፍታ» ብለው ነው። ከነጻነት በኋላ በሰሜን ኬንያ የተካሄደውን ጦርነትም በዚሁ ቃል ሰይመውታል። ድንበሩን ያለ ፓስፖርት ከተሻገሩ የአማርኛ ቃላት አንዱ ይህ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል ብንልክላቸው ምን ነበረበት እላለሁ አንዳንዴ።

አሁን ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አስፋልት ነው። በክፍል በክፍል ተሠርቶ ከአሥር ዓመት ገደማ በፊት ተገጣጠመ። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ያኔ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ መጥተው የጋራውን የድንበር ኬላ መረቁ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ወደ ኬንያ የሚገባ ሰው የሁለቱንም አገር ሥራ በኬንያው ሕንፃ ይጨርሳል፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው በኢትዮጵያው። ለእኛና ለኬንያውያን ቪዛ አያስፈልግም። የሞተሩ ወረቀትና የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የተባለው የመድን ሰነድ ካለህ ጣጣው አጭር ነው። ጓደኞቼ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረሱ። ከመካከላቸው ፋርማሲስት የሆነችው ወጣት «ጋሼ፣ ነዳጅ ለመቅዳት ከዚህ በላይ ተሰልፌ አውቃለሁ» አለችኝ።

በነጋታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሣን። ሰዓቱን ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ታክሲ፣ ለሚነዳው ጎረቤቴ ስነግረው ምንም ማስተካከያ አላስፈለገኝም፤ ስዋሂሊም እንደ እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው። በሚነዱበት የመንገድ ጎን ያልተስማሙ ሁለት አገሮች በሰዓት አቆጣጠር ሲስማሙ ማየት ደስ ይላል።

በሌሊት መነሣት ለሐሩሩ ነው። ስለ ሐሩር ሞተረኛ ያልሆነ ሰው አንድ የተሳሳተ ግምት አለው፤ «ነፋሱ ያበርዳችኋል» ይላል። እስከ አንድ ልክ ድረስ እውነቱን ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ነው። አየሩ ከዚያ በታች ሲሆን ነፋስ ሙቀትህን ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን ነፋሱ ራሱ ሙቀት ይሰጥሃል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዳህ ደረትህን ከፍተህ ብትሄድ፣ አፉ በተከፈተ ምድጃ ፊት እንደ መቆም ነው። ላብህ ገና ብቅ ሳይል ይተናል፣ እየደረቅህ መሆንህን እንኳ አታውቅም። መፍትሔው ከተፈጥሮ ስሜት ጋር ይጋጫል፤ ካናቴራህን በውኃ ነክረህ ትለብሳለህ፣ ጃኬትህን ከላይ ትዘጋለህ። በየሰዓቱ ትቆማለህ፣ ባይጠማህም ትጠጣለህ። መካኒካችን ይህን ሕግ ሰምቶ ሳቀ። ቱርቢ የምትባለውን ከተማ ሳናልፍ ጃኬቱን ዘጋ።

ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ዲዳ ገልገሉ ነው። በቦረናዎቹ አፍ «ዲዳ» ሜዳ ማለት ነው። ለአማርኛ ጆሮ ግን ሌላ ነገር ይላል፣ ያም ትርጉም ቢሆን ስሕተት አይደለም። ጥቁር ድንጋይ እስከ አድማስ ተዘርቶበታል። ዛፍ የለም፣ ቤት የለም፣ ድምፅ ቢኖር ነፋስ ብቻ ነው። ነፋሱ ከጎን ይመጣል፤ ሞተርህን ወደ ነፋሱ አዘንብለህ ቀጥ ብለህ ትሄዳለህ፣ ከፊትህ የከብት መኪና ሲመጣና ነፋሱን ለአንዲት ሰከንድ ሲከልልህ በድንገት ወደ መሐል ትወረወራለህ። በጠርዙ አልፎ አልፎ የደረቀ የከብት አጥንት ይታያል። ቦረናና ማርሳቢት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አምስት ተከታታይ የዝናም ወቅቶች ከድተዋቸው ከብታቸውን እንዴት እንደጨረሱ የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሜዳ በሞተር ለመዝናናት ሲያቋርጥ ትንሽ ማፈሩ አይቀርም። እኔ አፍሬአለሁ። ቱርቢ ላይ ውኃ ስንገዛ አንድ ሽማግሌ ከየት ወዴት እንደምንሄድ ጠየቁ። መካኒኩ ነገራቸው። «ምን ልታመጡ?» አሉ። የሚመልስ ጠፋ።

ማርሳቢት ግን ምሕረት ናት። ከበረሃው መሐል ተራራው ድንገት ብድግ ይላል፣ ደኑና ጉሙ ይቀበሉሃል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጃኬትህን ለብርድ ትዘጋለህ። ቻፓቲና የወተት ሻይ በላን፣ ጠጣን፤ ጎማ አየን፣ ካቴና ዘይት ቀባን። ከዚያ ቁልቁል ወደ ላይሳሚስ።

የፈራሁት ነገር የደረሰው ላይሳሚስ ላይ ነው። አጠገባችን መኪና አልነበረም፣ ሕዝብ አልነበረም፣ መንገዱም ጥሩ ነበር። ስሕተቱ ሊመጣ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞያሌ ድንበሩ ላይ ማንም አይሳሳትም፤ ሁሉም ልቡን ሰብስቦ፣ ግራ፣ ግራ እያለ ነው የሚያልፈው። ከተማ ውስጥም አትሳሳትም፤ ከፊትህ ያለው መኪና ይመራሃል። ልማድ የሚመለሰው መንገዱ ባዶ ሲሆን ነው። ሻይ ጠጥተህ፣ ሰውነትህ ከሙቀቱ ዝሎ፣ ከነዳጅ ማደያው ስትወጣ እጅህ ሳያማክርህ ወደ ለመደው ይሄዳል።

ፊታውራሪያችን ከማደያው ወጥቶ በቀኝ በኩል ያዘ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛዋ ፋርማሲስቷም ተከተለች፤ ሰልፍ እንዲህ ነው፣ ፊት ያለውን ታምናለህ። እኔ ገና ማርሽ እያስገባሁ ሳለ ስድስቱ ሞተሮች በተሳሳተው ጎን ዚግዛጋቸውን አሳምረው ሲሄዱ አየሁ። ክላክስ ነፋሁ። የቦክሰር ክላክስ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚያውቅ ያውቀዋል። መብራት አብለጨለጭኩ፣ እነሱ ግን በስፖኪዮ የሚያዩት «ጋሼ ደርሻለሁ እያሉን ነው» ብለው ነበር። ከመንገዱ ማዶ፣ ከትንሿ ጉብታ በላይ፣ የከብት መኪና አናት ብቅ አለ። ጣሪያው ላይ ልጆች ተቀምጠዋል። ያዳኑን እነዚያ ልጆች ናቸው፤ ከሹፌሩ በፊት አይተውን እጃቸውን ሲያወናጭፉ መካኒኩ ነቃ። አንድ ጊዜ ወደ ግራ ሲሰበር ሁሉም አብረውት ተሰበሩ። መኪናው አልፎ ሄደ፤ ሹፌሩ የሰደበን ስድብ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አልለየሁትም።

ቆምን። ማንም አልተናገረም። መካኒኩ ሄልሜቱን አውልቆ አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ከፊት ይሁኑ» አለኝ።

እምቢ አልኩ። እምቢታዬ ትሕትና አልነበረም። ስለ ቡድን ጉዞ ያለኝ አቋም ስለሆነ ነው፣ ይህን ጽሑፍም የምጽፈው ለዚሁ ነው። እኛ ሰዎች አንድ ላይ ለመሄድ ስንነሣ የመጀመሪያው ጭቅጭቃችን «ማን ይምራ?» የሚል ነው። ከኋላ ማን ይሁን ብሎ የተጨቃጨቀ ቡድን አላየሁም፤ ኋላ የቀረው፣ የደከመው፣ ሞተሩ አሮጌ የሆነው ይሆናል። ፊታውራሪ ግን የሚያየው መንገዱን ነው፣ ሰልፉን አያይም። ሲሳሳት የሚያየው ከኋላው ያለው ብቻ ነው። የቀድሞዎቹ ለደጀን ክብር የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ላይሳሚስ ላይ ያጠፋሁት ከኋላ መሆኔን አይደለም፤ ከኋላ ሆኜ የምናገርበት ነገር አለማበጀቴን ነው። ክላክስ ሰላምታም ማስጠንቀቂያም ከሆነ ማስጠንቀቂያ አይደለም። ስለዚህ እዚያው ተስማማን። ከኋላ ሦስት ጊዜ ረጅም መብራት ከበራ ሁሉም ወዲያው ዳር ይዞ ይቆማል፣ ለምን ተብሎ የሚጠየቀው ከቆሙ በኋላ ነው። ከየማደያው ስንወጣ ደግሞ አስቀድሞ የሚወጣው ደጀኑ ነው፤ በትክክለኛው ጎን ቆሞ ሁሉንም ያሳልፋል፣ ከዚያ ከኋላቸው ይገባል።

ኢሲዮሎ አደርን። ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ የኬንያ ተራራን በስተ ግራ እያየን፣ ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ተሻግረን ወረድን። ፎቶውን ሁሉም ሰው አንስቶታል፣ እኛም አንስተነዋል።

ቲካ መንገድ ግን አይታለፍም። ስምንት መስመር ያለው፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የተመረቀ፣ 50 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አውራ ጎዳና ነው። ከበረሃው ወጥቶ የሚገባበት ሰው ያን ጥቁር ድንጋይ ይናፍቃል። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ያለ ፍሬቻ ይገባል፣ ይወጣል። ሐሩሩ እዚህም አለ፤ ይሄኛው ግን ከሰማይ የሚወርድ ሳይሆን ከሞተርህ ተነሥቶ ወደ ጭንህ የሚወጣ ነው። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ራሱን ይጠብሳል። ቡድን የሚበተነውም እዚህ ነው። ሰባት ሞተር በአንድ መብራት አያልፍም፤ ሦስቱ ያልፋሉ፣ አራቱ ይቀራሉ፣ ያለፉት ይጨነቃሉ፣ የቀሩት ለመድረስ ይፈጥናሉ። አደጋ የሚመጣው ከዚህ መፍጠን ነው። የእኛ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ በየመታጠፊያው፣ ከኋላህ ያለውን ሰው መብራት ሳታይ አትታጠፍ። ማንም ለመድረስ አይቸኩልም፤ የሚጠብቀው እንዳለ ያውቃል። ዘገየን፣ በጣም ዘገየን፤ ናይሮቢ የገባነው ግን ሰባት ሆነን ነው።

በዚያ ትርምስ መሐል ቦዳ ቦዳዎቹን ሳያደንቁ ማለፍ አይቻልም። ስሙ የተወለደው እንደ እኛዋ ባለች የድንበር ከተማ ነው፤ በኬንያና በዩጋንዳ መካከል ቡሲያ ላይ፣ በብስክሌት መንገደኛ የሚያመላልሱ ልጆች «ቦርደር–ቦርደር» እያሉ ሲጣሩ ቃሉ ቦዳ ቦዳ ሆኖ ቀረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ኬንያ ለአነስተኛ ሞተሮች የተጨማሪ እሴት ታክስን ስታነሣ ብስክሌቱ ወደ ሞተር ተለወጠ። አዲስ አበባ በበኩሏ ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅሚያና ዝርፊያ በዛ ብላ፣ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተሮችን ከጎዳናዋ አገደች። ስልክ የተነጠቀ ሰው ውሳኔውን ሲደግፍ አልፈርድበትም። ግን አንዱ ከተማ በሞተር ላይ እንጀራ ሲያይ ሌላው ሌባ ማየቱ፣ ስለ ሞተሩ ከሚናገረው ይልቅ ስለ ተመልካቹ የሚናገረው ይበልጣል። ጓደኞቼ ከሐዋሳ መነሣታቸው በአጋጣሚ አይደለም።

ከአራት ቀን በኋላ በመጣንበት ተመለስን። ደጀንነቴን በሚገባ ሠራሁ ብዬ እኮራለሁ፤ ከላይሳሚስ በኋላ አንድም ሰው አልተሳሳተም። ሞያሌ ላይ መሰናበት ከበደኝና እስከ ሜጋ፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር፣ ልሸኛቸው ተሻገርኩ። አሁን ደግሞ ሁላችንም ቀኛዝማች ነን። ሜጋ ላይ ምሳ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ ተቃቀፍን። እነሱ ወደ ያቤሎ፣ እኔ ብቻዬን ወደ ሞያሌ።

ከሜጋ ወጥቼ ጥቂት እንደሄድኩ፣ ፍየል የሚጠብቅ አንድ ልጅ ከመንገዱ ዳር ዱላውን እያወዛወዘ ሰላምታ ሰጠኝ። እጄን አንሥቼ መለስኩለት። ልጁ ሮጦ መንገዱ ላይ ወጣና ዱላውን ወደ ማዶው ጠርዝ ዘረጋ። እንደገና እጄን አነሣሁ። ምን ዓይነት ሰው ወዳድ ልጅ ነው እያልኩ ነበር። ዱላው የሚያመለክተውን ዘወር ብዬ ያየሁት ከመታጠፊያው የአይሱዙ ድምፅ ስሰማ ነው፤ ሰዉ «አልቃይዳ» የሚለው ያ መኪና። በግራ ነበር የምነዳው። ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳሁ አላውቅም። ዘወር አልኩ፣ መኪናው በነፋስ ገጭቶኝ አለፈ፣ ቆምኩ። ልጁ ፍየሎቹን ሰብስቦ ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ነበር፤ ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

በነጋታው ማታ ከፋርማሲስቷ የስልክ መልእክት ደረሰኝ። «ጋሼ፣ ስድስታችንም በሰላም ገባን። እርስዎስ በሰላም ገቡ?» «በሰላም» ብዬ መለስኩ። የእረኛውን ነገር አልጻፍኩላትም። ይኸው አሁን ጻፍኩት።